ለበቅሎዋ ያሰርኩት ጋንቾ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከዳባት ሲደውል ሰላምታው ረጅም ነው። የዝናቡን፣ የገብሱን፣ የከብቶቹን ነገር ተጠያይቀን ካልጨረስን ወደ ጉዳዩ አይገባም። የዚያን ቀን ግን ስልኩን ገና ከማንሳቴ፣ "በቅሎዋ ልትሞትብኝ ነው" አለኝ። ጭኗ ላይ የወጣው እባጭ አድጎ አላስኬድ ብሏታል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አይቶ፣ በቀዶ ጥገና መውጣት ስላለበት ጎንደር ውሰዳት ብሎታል። በእግሯ አትደርስም። የለመናቸው የጭነት መኪና ሾፌሮች ደግሞ ከእህል ጋር የታመመ እንስሳ አንጭንም ብለው መልሰውታል።

"እኔ መጥቼ አመጣታለሁ፣ አያ" አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ አፍጦ እያየኝ ነበር።

"በምን? ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠሻት?"

"በተሳቢ።"

መኪናችን ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክታ የምትሞላ፣ ባትሪዋ ሲያልቅ በቤንዚን የምትሄድ ናት። የገዛናት የማደያው ሰልፍ ቢያማርረን ነው። ባለቤቴ እንደ ፍሪጅ ነው የሚያያት፤ ጭነት ትጎትታለች ብሎ አስቦ አያውቅም። እኔ ግን አብሯት የመጣውን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ። የምትጎትተው ክብደት በግልጽ ተጽፏል፤ በቅሎዋና ተሳቢው አንድ ላይ ቢደመሩም ከዚያ በታች ናቸው። ደግሞ ለቁልፍና ለቡሎን እንግዳ አይደለሁም። አባቴ አዘዞ ጋራዥ ነበረው። ሌሎች ልጆች ገመድ ሲዘሉ እኔ ካርቡራተር አጥብ ነበር።

ለዚያች በቅሎ ስል የማላደርገው ነገርም አልነበረም። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ለበዓል አያ ቤት ሄደን ሳለ ምጥ ድንገት ያዘኝ። ያንን ገደላማ መንገድ አውጥታ አስፋልቱ ላይ ያደረሰችኝ እሷ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈችም። አያ ይህን ውለታ አንስቶ አያውቅም፤ በስልኩም አላነሳውም።

ለመኪናችን ሞዴል የተሠራ፣ ተሳቢ የሚያያዝበት ጋንቾ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁ። እንደደረሰን ጎንደር አጠገብ ፀዳ በሚገኘው ግቢያችን፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሥራ ጀመርን። የቻርጅ ገመዱን ነቀልኩ፤ መኪናዋን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፤ የመብራቱን ትንሽ ባትሪ ፈታሁ። ኋላዋን በክሪክ አንስቼ በብረት እግር አስደገፍኳትና በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከሥር ገባሁ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ያ ብርቱካናማ ሽቦ ምንድን ነው?"

"የትልቁ ባትሪ መስመር ነው። እሱን አንነካውም።"

"ብትነኪውስ?"

"አልነካውም አልኩህ እኮ!"

መስመሩ ከምሠራበት ቦታ ራቅ ብሎ ነበር የሚያልፈው። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ በዓይኔ ተከትዬ መጨረሻውን ሳላይ ሥራዬን አልጀመርኩም።

የኋላውን የግጭት መከላከያ፣ ፓራውልቱን፣ ፈታንና ባለቤቴ አቅፎ ወስዶ ምንጣፍ ላይ አስተኛው። ጋንቾው የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከፋብሪካው ሻንሲው ላይ ስለነበሩ መብሳት አላስፈለገንም። ብረቱ ግን ከባድ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ ተንጋሎ በሁለት እግሩ ሽቅብ ደግፎ ያዘልኝ፤ እኔ ቡሎኖቹን በእጄ ማስገባት ያዝኩ። አንዱ እምቢ አለ።

"ምነው፣ በቁልፍ አጥብቀሽ አትገፊውም?" አለ፤ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"በግድ ከገባ ጥርሱን ይበላዋል። ትንሽ ቻል አድርገው።"

አውጥቼ ቀዳዳውን በእጅ ባትሪ ሳየው ቀለም ደርቆበታል። በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ፣ ዘይት ነካ አድርጌ መለስኩት። በጣቴ ብቻ እየዞረ ገባ። ባለቤቴ እግሩን ሲያወርድ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። ከዚያ ሁሉንም መጽሐፉ በሚያዘው ልክ አጠበቅሁ።

ፓራውልቱን ከመመለሳችን በፊት ለጋንቾው መውጫ ከሥሩ መቆረጥ ነበረበት። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ጭንቅላቱን ያዘ። ለክቼ አሰመርኩ፤ ደግሜ ለካሁና በመጋዝ ቆረጥሁ። እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆየ። ገጥመነው ሲያየው ግን "ሸጋ ነው" አለ። የሀገር ቤት ቃሉ የሚወጣው ከልቡ ደስ ሲለው ነው።

የመብራቱ ሽቦ መጀመሪያ ተሳስቶብኝ ግራ ፍሬቻ ሳበራ ቀኙ በራ። አቀያየርኩት። ተሳቢውን አዘዞ ውሃ ከሚያመላልስ ዘመዳችን ተውሰን፣ ዙሪያውን ብረት አስበየድንለት። መንገድ ትራንስፖርት ወስጄ አስፈተሽኩ፤ ባዶውንም ደጋግሜ ነድቼ እጄን አስለመድኩ።

ዳባት የሄድነው መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ነው። አያ በቅሎዋን አስፋልቱ ዳር ይዞ ጠበቀን። ከስታለች፤ እግሯን አንጠልጥላ ነው የቆመችው። ተሳቢው ላይ ለመውጣት እምቢ ስትል አያ ራሱ ቀድሞ ወጣና ጭዱ ላይ ተቀመጠ። እያሸተተች፣ እያመነታች ተከተለችው። አሰርናት። እሱ ግን አልወርድም አለ።

"አያ፣ ይውረዱ እንጂ። ሰው ተሳቢ ላይ አይጫንም።"

"ብቻዋን አትሄድም።"

"ቢወድቁስ? ለእሷም ለእርስዎም ልጠነቀቅ አልችልም።"

"አንቺ ንጂው እቴ፣ እኔ አልወድቅም።"

"እርስዎ ካልወረዱ አልነዳም" ብዬ ቁልፉን አውጥቼ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በታላቅ ወንድሙ ላይ ቃል የሚናገር ሰው ባለመሆኑ ወደ ሰማዩ ያያል። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አያ አጉረምርሞ ወረደና ኋላ ወንበር ላይ ገባ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ኋላው መስታወት አዙሮ ነው የተቀመጠው። እስከ ጎንደር ድረስ እንደዚያ ሆኖ፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እመቤት" ይላት ነበር። መታጠፊያ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ቁልቁለቱ ሲበዛ መኪናዋ ራሷ ፍጥነቷን እየያዘች ባትሪዋን መሙላት ጀመረች። ባለቤቴ የሚጨምረውን ቁጥር እያየ፣ "በቅሎ ጭነን ቻርጅ እናደርጋለን እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔ ከኋላ ማሳያው መስታወት ዓይኔን አልነቀልኩም። ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ይታዩኛል፤ ተሳቢው አልወዛወዘም።

የጎንደሩ የእንስሳት ሐኪም በማግስቱ አደንዝዞ እባጩን አወጣላት። ትልቅ ነበር፤ ግን ከሥሩ ተነቅሏል አለን። ተነሥታ በአራት እግሯ ስትቆም አያ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። አልተከተልነውም።

ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለቱም ፀዳ ከኛ ጋር ሰነበቱ። አያ ጠዋት ጠዋት ቀስ እያደረገ ሰፈሩን ያዞራታል፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ መንገድ ይለቁላቸዋል። ባለቤቴ አጥሩ ጥግ ተክሎት የነበረውን ጎመን በቅሎዋ ተራ በተራ ትበላው ጀመር። እሱም ተናዶ ሊያባርራት ወጣና፣ ቀና ብላ ስታየው የቀረውን ራሱ ቆርጦ አቀረበላት።