ጋሽ ቧንቧ ጀርባው ፍራሽ የነካ ዕለት

በሰፈራችን ውሃ ያላስገባበት ቤት የለም፤ የእህቴን ባል ጋሽ ቧንቧ የምንለውም ለዚሁ ነው። ሥራውን ሲጨርስ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ውሃው እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ ካላየ ዕቃውን አይሰበስብም። «የሚንጠባጠብ ውሃ ያሳምመኛል» ይላል።

በኋላ ትንፋሽ አጠረው። ሐኪሞች ያገኙበት በሽታ የሚድን ዓይነት አልነበረም። በቀኝ ሳንባው ዙሪያ ውሃ እያቋጠረ ያፍነዋል፤ ጋደም ሲል የሚሰጥም ይመስለዋል። ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል። እህቴም አልጋ ላይ ብቻዋን መተኛት አላስችል ብሏት አጠገቡ ተቀምጣ ታነጋለች። ሐኪም ቤት ሲገባ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መዳኑን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። እናንተ በጀርባዬ አስተኙኝ።»

ዶክተሯ ውሃውን የምታወጣበትን ቀጭን ቱቦ ስታሳየው ሳቀ።

«ልጄ፣ ይቺ? ይቺማ የጭማቂ መምጠጫ ናት!»

«ቀጭን ስለሆነች ብዙም አታሳምምዎትም ጋሼ። ኦፕራሲዮን ክፍል መግባትም የለብዎት፤ እዚሁ አልጋዎ ላይ እንጨርሳለን።»

ትራስ አስታቀፈችው። ውሃው ያለበትን በአልትራሳውንድ አይታ፣ ጎኑን አደንዝዛ፣ ቱቦዋን መርፌ በበሳው ቀዳዳ አስገባች። ሻይ የመሰለ ውሃ ከአልጋው ሥር ወደተንጠለጠለው ከረጢት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ነርሷ ቱቦዋ ላይ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ በከፊል ብቻ ከፍታ፣ «ቀስ ብሎ ይውረድ፤ እንዳይነኩት» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረች።

ጋሽ ቧንቧ ያንን ጠብታ አይቶ ማለፍ አልቻለም።

«እሜቴ» አላት አጠገቡ የተቀመጠችውን እህቴን፣ «ይሄማ የተበላሸ መስመር ነው።»

«አርፈህ ተቀመጥ አንተ ሰውዬ! እዚህም ሥራ ተቀጠርክ?»

እህቴ ፊቷን መለስ ስታደርግ እጁ ወደ ቱቦዋ ሄደ፤ መክፈቻዋን እስከ መጨረሻው አዞራት። ውሃው ተንዠቀዠቀ፤ ፊቱ በራ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሳል ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ ደረቱን ወጋው፤ ከንፈሩ ጠቆረ። እህቴ ጮኸች። ነርሷ ሮጣ መጥታ መክፈቻዋን ዘጋች፤ ኦክስጅን አደረገችለት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደበላለቅሁት።

ሳሉ በረድ ሲልለት ዶክተሯ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሳንባዎ ተጨፍልቆ ነው የከረመው ጋሼ። በአንዴ ሲዘረጋ ይጎዳል። ፋታ ይስጡት።»

«እኔ እኮ ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«ከዚህ ሲወጡ ያግዙኛል፤ የቤቴ ቧንቧ ያንጠባጥባል።»

እህቴ «እጅህን ወዲህ በል፤ ከዛሬ ጀምሮ እስረኛ ነህ» ብላ ጨበጠችው፤ አልለቀቀችውም።

ውሃው እያረፈ እየቀጠለ ወረደ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ የአልጋውን ራስጌ ቀስ በቀስ ዝቅ አደረገችው። ጋሽ ቧንቧ የአልጋውን ብረት ጨምድዶ ይዞ፣ ያንን መስጠም ሲጠብቅ ፊቱ ላይ ይታየኛል። ጀርባው ፍራሹን ነካ። አንዴ ተነፈሰ፤ ደገመ።

«አልሰጠምኩም» አለ። ብረቱን ለቀቀው። ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ዶክተሯ አልደበቀችንም፤ ውሃው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከመጣም እንዲሁ በቀስታ ይወርዳል። ለዚያች ከሰዓት ግን ተመስገን ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

እህቴ ጎንበስ ብላ መክፈቻዋን አየች፤ በከፊል እንደተከፈተች ናት። ከዚያ ጭንቅላቷን ከትራሱ ዳር አስደግፋ እሷም አሸለበች። በሩን ገርበብ አድርጌላቸው ወጣሁ።