ለወንድሜ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ፍለጋ

"እህቴ፣ የዚህ መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷል። አዲሱን ግዢለት።" ጠጋኙ ዛሬ እንዲህ ብሎ አሮጌውን ፕሌይስቴሽናችንን መለሰልኝ።

ወንድሜ የሚነዳው ባጃጅ ከተገለበጠ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ሰው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ የሚስቀው ያንን የድሮ የኳስ ጌም ሲጫወት ብቻ ነበር።

አዳማ ውስጥ ያልጠየቅኩት ሱቅ የለም። የአዲሱ ዋጋ የስድስት ወር ደመወዜ ነው፤ ጌሙ ደግሞ ለብቻው ይሸጣል። ምሳና ቤት ኪራይን እንደ መጥፎ አመል ብተዋቸው እንኳ አይሞላልኝም።

ፕሌይስቴሽኑን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ቤት ስገባ "ተሠራ?" አለኝ።

"ነገ ይደርሳል" አልኩት። ፈገግ አለ።

ባቱም ሆነ አርሲ ነገሌ ያላችሁ፣ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ። ለታመመ ሰው እንዲህ የዋሻችሁም ንገሩኝ፤ በማግስቱ ምን አላችሁት?