እናቴና ስልሳ አንድ ቁጥር መንገድ

እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ዳር ኖራለች፤ መሪ ግን ይዛ አታውቅም ነበር። አባቴ ግሬደር ነጂ ስለነበር ትዳራቸው ያለፈው ከአንዱ የመንገድ ሥራ ካምፕ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ነው። አንዱ መንገድ ሲያልቅ የቆርቆሮው ቤት ይነቀልና በካሚዮን ተጭኖ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ እናቴም ከሣጥኗና ከዶሮዎቿ ጋር ከላይ ትወጣለች። ስለዚህ ስለ መንገድ የማታውቀው ነገር ቢኖር መንዳቱ ብቻ ነበር።

እኔ ዘንድ አላሚዳ የመጣችው አባቴ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አላሚዳ ከኦክላንድ በቀጭን ውሃ የተለየች ደሴት ናት። ከኤርፖርት ይዣት ስመጣ ሆን ብዬ ዞሬ፣ በውሃው ሥር በሚያልፈው ዋሻ አስገባኋት።

«ውሃው አሁን ከላያችን ነው?» አለች።

«አዎ።»

«የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ» ብላ እስክንወጣ ድረስ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ስለ እኔ ጤንነት የጠየቀችኝ ከዋሻው ከወጣን በኋላ ነው።

በስድስተኛ ወሯ ሥራ አገኘች። ከደሴቲቱ ማዶ፣ ቤይ ፋርም በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ቻይናዊት ጠዋት ጠዋት የሚንከባከባቸው ሰው ይፈልጋሉ። እናቴ ለኢንተርቪው ሄዳ፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ ሁለት ሰዓት ሲሳሳቁ ቆይተው ተዋደዱ። አስቀጣሪው ድርጅት የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሴትየዋን ሐኪም ቤት መውሰድ ስላለባት መንጃ ፈቃድ። የፊተኛዋ ሠራተኛ የምትለቀው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ እስከዚያ ካመጣች ሥራው የእሷ ነው፣ ካላመጣች የሌላ ሰው።

«በስልሳ ሁለት ዓመቴ የራሴ ሥራ ሊኖረኝ ነው» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕድሜዋን ሁሉ ያኖራት ሌላ ሰው ነበር፤ አባቷ፣ ከዚያ አባቴ፣ ከዚያ እኔ። ያን ቀን ፊቷን ያየ ሰው ለምን እንደፈለገችው አይጠይቅም።

የጽሑፉን ፈተና በአንድ ጊዜ አለፈች። መለማመጃ ቦታ ስፈልግ ትዝ ያለኝ ስልሳ አንድ ቁጥር መንገድ ነው። እኛ ካለንበት ከዌብስተር ጎዳና ተነሥቶ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጥና፣ ለጀልባ እየተነሣ በሚከፈተው ድልድይ ተሻግሮ ቤይ ፋርም ይገባል፤ ማለትም ከቤታችን እስከ እናቴ ሥራ በር። ካርታው ላይ ሃይዌይ ይባላል። እኔ ሳንታ ክላራ እየተመላለስኩ የምሠራ፣ ፍሪዌይ ላይ ቆዳዬ የጠነከረ ሰው ነኝና ሃይዌይ ሲባል የሚታየኝ ሌላ ነው። ይሄኛው ግን በአሮጌ የእንጨት ቤቶችና በአጥር አበባ መካከል፣ በሰዓት ከሃያ አምስት ማይል በላይ ሳይፈቅድ ያዘግማል። ዳክዬ ያሻግራል። አንድ ጊዜ ድመት መሐሉ ላይ ተጋድማ አይቻለሁ።

እናቴ ደግሞ ሃያ አምስቱም በዝቶባት በአሥራ ስምንት ትነዳለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች።

«እማዬ፣ እንቁላሉ እኮ አልፎን ሄደ።»

ከሁሉ የሚያናድደኝ መኪናውን ትታ መንገዱን ማየቷ ነበር። ኤንሲናል ጎዳና ላይ ስንደርስ መንገዱ ድንገት ይሰፋል። «ይሄ ስፋት ለመኪና ተብሎ አልተሠራም። እዚህ ሌላ ነገር ነበረበት» አለች።

«ፍሬቻ አብሪ፣ እማዬ።»

ማታ እራት ከመብላታችን በፊት ከፎቅ የሚኖሩትን ጎረቤታችንን ጠየቅናቸው። እዚችው ደሴት ላይ የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ በኤንሲናል መሐል የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፍ እንደነበር፣ አባታቸውም በእሱ ተሳፍረው ሥራ ይሄዱ እንደነበር ነገሩን። እናቴ ዳኛ እንደፈረደላት ሰው ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው የኛ ሰው ሆኑ። እሳቸው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፣ እናቴ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ። አላሚዳ ድሮ ደሴት አልነበረችም አሉን። ከኦክላንድ ጋር የተያያዘች መሬት ነበረች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ መርከብ እንዲያልፍ ብለው ቦይ ቆፍረው ለዩዋት። ቤይ ፋርም ግን ጥንት እውነተኛ ደሴት ነበር፤ በኋላ ባሕሩን በአፈር ሞልተው ከኦክላንድ ጋር ገጠሙት። ዛሬም ደሴት ይሉታል። ኦቲስ ጎዳና ላይ ደግሞ እናቴ ራሷ ቀድማቸዋለች፤ ከመንገዱ ወደ ባሕሩ በኩል ያለውን ሰፈር በአገጯ እያሳየች «ይሄ ሙሌት ነው፣ ውሃው ድሮ እዚህ ድረስ ነበር» ብላ ነበር። ሽማግሌው «እንዴት አወቅሽ?» ቢሏት፣ ባሏ ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ሲሞላ እንደኖረ ነገረቻቸው።

እንዲህ እየተዝናናን ፈተናው ደረሰ።

የእናቴ ችግር መኪናው አልነበረም፤ መኪናውን እንደ ድስት በልኩ ታዘዋለች። ችግሯ ጨዋነቷ ነው። እኛ ዘንድ በር ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ «ይግቡ»፣ «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሳይባባል የገባ ሰው ያላሳደጉት ባለጌ ነው። እዚህ አገር ደግሞ በአራቱም በኩል ስቶፕ የሚል ምልክት የቆመበት መስቀለኛ መንገድ አለ፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሄዳል። እናቴ ቀድማ ትደርሳለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ መጪውን ሁሉ ታሳልፋለች። ኦክላንድ በተፈተነችው በመጀመሪያው ፈተና ሰባት መኪና አሳለፈች።

ፈታኟ በትዕግሥት «ማም፣ ኢትስ ዩር ተርን»፣ ተራዎ ነው፣ ብትላት፣ እናቴ «ኖ ኖ፣ ፕሊስ» ብላ ስምንተኛውን ጠራችው። ወደቀች።

በሁለተኛው ፈተና ስቶፑን እንደምንም ተወጣችው። ሰፊ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ እየጠበቁ ዳር ቆመው ነበር። እናቴ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለችላቸው። ሰውዬው መሻገር አልፈለጉም፤ እጃቸውን አወዛወዙ። እሷም ከአንገቷ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፣ ቆመችም። ከኋላ የነበረው የዕቃ መኪና ፍሬን ሲይዝ ኦክላንድ ሙሉ ሰማው። አሁንም ወደቀች።

የመለማመጃ ፈቃዱ የሚሰጠው ሦስት ዕድል ነው። ሦስተኛው ከከሸፈ ሁሉም ነገር ከጽሑፉ ፈተና ይጀመራል፣ ክረምቱም አይጠብቅም። ያን ቀን ስንመለስ ዋሻው ውስጥ ጮኽኩባት። ለቆመ ሽማግሌ ማን ያቆማል አልኩ፣ ሥራው ሊያመልጥሽ ነው አልኩ፣ ሌላም ብዙ አልኩ። ዋሻ ደግሞ ድምፅ ይመልሳል፤ ጩኸቴን ራሴ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ እስክንወጣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ «አባትሽ የበግ መንጋ ሲመጣ ግሬደሩን አጥፍቶ ይወርድ ነበር» አለች።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከስልሳ አንድ ቁጥር አንድ ብሎክ ገባ ብለን ስቶፕ እንለማመዳለን። ተራዋ ደረሰ፤ ከፊት ለፊታችን አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። መስተዋቱ ላይ ባንዲራችን ተንጠልጥሏል። ነጂው ፀጉሩ የሸበተ የኛ ሰው ነው። እናቴን ሲያይ እጁን ዘርግቶ እለፊ አላት። እናቴም እጇን ዘረጋች። እሱ ደረቱ ላይ እጁን አደረገ። እሷም አደረገች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ይለፉ፤ እኔ አልቸኩልም» አለ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ እለፍ።»

«እንዴት ተደርጎ? እርስዎ ቆመው?»

«በሞቴ አልኩህ እኮ።»

የአላሚዳ ሰው ጥሩንባ አይነፋም። ዝም ብሎ ይሰለፋል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከኋላችን ካለው መኪና ራሷን አውጥታ፣ ከልቧ ተጨንቃ «ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» አለች። እናቴ በዚያን ጊዜ መስተዋቱን አየች። ዘጠኝ መኪና ቆሟል። የጠየቀችን ሴት የሆስፒታል ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ሰዓቷን ታያለች። ከእሷ ኋላ ሕፃን ይጮኻል።

«እነዚህ ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቁት?»

«አንቺን ነው፣ እማዬ።»

ለሰውዬው አንገቷን ሰብራ እጅ ነሣችና ሄደች። ጥቂት እንደሄድን ጥግ ይዛ አቆመች፤ ሞተሩንም አጠፋችው።

«ካምፕ እያለን ውሃ በቦቴ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣልናል» አለች። «ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። አንዲት ሴት ነበረች፣ ለመጣው ሁሉ ተራዋን የምትለቅ። የመጣው ሁሉ ይመርቃታል። ከኋላዋ የቆምነው ግን ዓይኗን ማየት አንፈልግም ነበር። ተራዋን ስትሰጥ የኛንም አብራ እየሰጠች ነዋ። አንድ ቀን እኔ ጋ ሲደርስ ቦቴው አለቀ፤ አንቺ ያኔ የአራት ወር ልጅ ነበርሽ።»

መስተዋቱን አስተካከለች።

«ያቺን ሴት ሆኛለሁ» አለችና ሞተሩን አስነሣችው።

ሦስተኛው ፈተና የዋለው ሐሙስ ነው። ያቺው ፈታኝ ናት። እኔ መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው በዲኤምቪው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጸሎት የማላበዛ ሰው ያን ጠዋት የዓመቱን ጸለይኩ። መኪናዋ ስትመለስ እናቴ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ፈታኟ ወረቀቱን ሰጥታት፣ ትከሻዋን መታ አድርጋ ሄደች።

«ስቶፑስ?» አልኩ።

«ተራዬ ሲደርስ ሄድኩ።» ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «የቀሩትን ግን አንድ በአንድ በልቤ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።»

ሥራ የጀመረችው ሰኞ ነው። መኪናችን አንድ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነች፣ እኔም ወደ አውቶቡስና ባቡር ወረድኩ። ዌብስተር ላይ ፌርማታው ጋ አወረደችኝና ወደ ቤይ ፋርም አቅጣጫ ለመዞር ወደ ፊት ሄደች። የምሳ ዕቃዬ የኋላ ወንበር ላይ እንደቀረ ያወቅኩት በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ዞራ ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እጄን አወዛወዝኩ። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ከኋላዋ አራት መኪና ተከትሏታል። አየችኝ፤ በደንብ አየችኝ። እኔም አውቶቡስ እየጠበቅኩ እጄን የማወዛውዝ ሰው ሆኜ፣ እሷ በሁለተኛው ፈተና ያቆመችላቸው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

እናቴ ከመሪው ላይ አንድ ጣቷን አነሣችልኝ። ከዚያ ምሳዬን ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።