እኔ ቆሜ የተቀመጠች ዕለት

ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ነው። ያስቆጠረችኝም የልጄ ልጅ ናት፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሷው ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በቅቤ ንግድ ነው፤ ከጌዶ አምቦ፣ ከአምቦ ካቺሲ ስል። አንድ ቦታ መዋል አይሆንልኝም። ልጆቼ እግርሽ ሥር እሳት ተነጥፏል ወይ እያሉ ይቀልዱብኛል። አሁንም ቢሆን ሰው ለመጠየቅ እወጣና ሌላ ሰው ቤት ነው የምገኘው።

ልጅቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አምቦ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ቼዝ የሚባለውን ጨዋታ አንድ አስተማሪ ትምህርት ቤት አስጀመራት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አስተማሪውን ራሱን ማሸነፍ ጀመረች። እኔ ከጨዋታው የማውቀው ንጉሥ እንዳለው፣ እሱ መውጫ ካጣ ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ብቻ ነው።

ችግሩ ልጅቷ ሽንፈት አትችልም። ጌዶ ላይ በተደረገ ውድድር እያሸነፈች ሳለ ቸኩላ ንግሥት የሚሏትን ጠጠር አስበላች። ያን ጨዋታ ተሸነፈች፣ ይሁን። ግን ቀጥለው የመጡት ሁለቱም፣ በችሎታ ከእሷ በጣም የሚያንሱ ልጆች፣ አሸነፏት። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አስመለሳት፤ አምቦ እስክንገባ ፌስታል ላይ እንዳጎነበሰች ነበር። ሳምንት ሙሉ ሰሌዳውን አልነካችም። አስተማሪው ቤት ድረስ መጥቶ ለእናቷ ነገራት፦ ጭንቅላቷ ከማንም አያንስም፣ አንዴ ከተሳሳተች ግን ያንኑ ስህተት ይዛ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ትገባለች። በዞኑ ውድድር እንዲህ ከሆነች ለክልል አትመረጥም። ካልተመረጠች ደግሞ ጨዋታውን ጭራሽ ትተወዋለች ብሎ ፈርቷል።

ስለ ቼዝ የምመክረው ነገር አልነበረኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይዣት መሄድ ጀመርኩ።

የቅቤ ገበያ ሆድ ያስብሳል። መንገደኛው ሁሉ በጥፍሩ ቆንጥሮ ያሸታል፣ ፊቱን አጨማዶ የዓምና ነው ይልና ይሄዳል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ይሄንን ለፀጉሬም አልቀባው ብላኝ አለፈች። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ሴትዮዋ የቆነጠረችውን ቦታ በእርጥብ እጄ አለሰለስኩ፣ የኮባውን ቅጠል መልሼ ከደንኩ፣ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ።

«አኮ፣ ለምን ዝም አልሻት?» አለችኝ። እኛ ቤት አያት የምትጠራው በኦሮምኛ ነው።

«ሄዳለች'ኮ» አልኳት። «የሚቀጥለው ገዢ አያውቃትም። ፊቴ ላይ ካያት ግን ቅቤዬን አይገዛም።»

ከዚያ ወዲያ ቅጠሉን መክደን የእሷ ሥራ ሆነ። ስለ ጨዋታው ምንም አልተነጋገርንም።

የዞኑ ውድድር አምቦ፣ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። አስተማሪው ዘመድ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። እኔም መስኮቱ ሥር ቆምኩ። የመጨረሻው ጨዋታ ከካቺሲ ከመጣች ልጅ ጋር ነበር። ካሸነፈች ወይም እኩል ከወጣች ትመረጣለች፤ ከተሸነፈች አበቃ።

በመስታወቱ ሳያት ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ አጎንብሳለች። የጌዶው ፌስታል ፊቴ ላይ መጣ። አሟታል አልኩ። በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ገባሁ።

ለካ እያሰበች ነበር።

ታዲያ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣል፣ ትልቁ ሳይቀመጥ አይቀመጥም ብዬ። ቀና ብላ አየችኝና ብድግ አለች። ስትነሣ የሹራቧ እጅጌ ንጉሡን መታው። ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ወለሉ ላይ ዐረፈ።

«ንጉሥሽ ደክሞት ተኛ» አለቻት የካቺሲዋ። «በቃ፣ ተሸንፈሻል።»

አጠገባቸው ያሉት ልጆች ሳቁ። ሽንፈቱን የተቀበለ ሰው ንጉሡን በእጁ ያስተኛል አሉ፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ዳኛው መጣ። ለእኔ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድል ምልክት ሰጠኝ። ከዚያ ጨዋታውን ትታ እንደሆነ ወይስ ሳታስበው ወድቆባት እንደሆነ ጠየቃት።

«ወድቆብኝ ነው» አለች።

እንግዲያው አንሥታ ወደ ቦታው ትመልስ፣ የሚቆጥረው ግን የእሷ ሰዓት ነው አላት። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ትንሽ ሰዓት ቁጥሯ እየወረደ ነበር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ንጉሡን አነሣች። አነሣችና በእጇ ጨብጣ ቆመች። አልተቀመጠችም።

እኔ ቆሜያለሁ'ኮ። መውጣት ነበረብኝ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ግን ጥያት መውጣት አቃተኝ። የምቀመጥበት ወንበር በአጠገቤ የለም። ታኢ፣ ተቀመጪ፣ ልላት ፈለግሁ፤ ዳኛው ጣቱን እንደገና ከንፈሩ ላይ አደረገ። ፊቷ አመድ መሰለ። ልክ እንደ ጌዶው ቀን የሚያስመልሳት መሰለኝ፤ ቁጥሩም ይወርዳል። ስንት ቅዳሜ የደከምኩበትን በገዛ እግሬ ገብቼ አፈረስኩት አልኩ በሆዴ።

ያኔ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰበሰበች። ንጉሡን ቦታው ላይ አቆመች፣ በጣቷ ጫፍ አስተካከለችው፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

ዳግመኛ ወደ እኔ አላየችም። ወደ ኋላዬ እያፈገፈግሁ ወጣሁ።

ወደ መስኮቱ አልተመለስኩም። ግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጠሁ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ጥላው እግሬን አልፎ ሄዶ ነበር።

መጀመሪያ የወጣችው የካቺሲዋ ናት። እኔን ስታይ ቆም ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ።

«ሊረዱኝ ነበር የገቡት፣ አኮ» አለች። «አልሆነልንም፣ እኩል ወጣን።»

የእኛዋ ከኋላ መጣች። አልሮጠችም። ፊቴ ቆማ መሬት መሬት አየች። እንኳን ደስ አለሽ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንቺ ቆመሽ ተቀመጥኩብሽ» አለችኝ።

ደግ አደረግሽ አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፣ እንደቆመች ቀረች። ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አልኩላትና አዳራሽ ውስጥ አፌ ላይ የቀረችውን ቃል ያኔ አወጣኋት። «ታኢ» አልኳት።

ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ስታኖር አንዱን ያዝኩት።