ወለሉ የሚሞቀው ቤት

ኅዳር ነበር፤ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። አምቦ ከተማ ዳር፣ እናቴ ዕንቁላል በምታስፈለፍልበት ጎድጓዳ ቤት ውስጥ፣ የታችኛው መደርደሪያ ጫጩቶች በሙሉ ሞተው ተገኙ። የላይኞቹ በሕይወት ነበሩ፤ ይጮኻሉ። ደም የለም፣ ላባ አልተበተነም፣ በሩም እንደተዘጋ ነው። ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

እናቴን የሰፈሩ ሰው አዴ ጫልቱ ይላታል። አባቴ ጌዶ ያስተምር ስለነበር ወደ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ዶሮ የማይፈልግ ቤት አልነበረም። ማስፈልፈያ ማሽን ግን መብራት ይፈልጋል፣ የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። እናቴ ማሽኑን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያየችው አንዲት ዶሮ ነው። ጠፍታ የሰነበተች ዶሮአችን ፍል ውሃው ከሚወርድበት ተዳፋት ላይ፣ ከድንጋይ ሥር ዕንቁላል ጥላ ተገኘች። ቀኑን ሙሉ ስትጭር እየዋለች እንኳ ዕንቁላሎቿ አንድም ሳይበላሽ ተፈለፈሉ። እናቴ ድንጋዩን ገለል አድርጋ አፈሩን ዳሰሰች።

«ይቺ ዶሮ ሠራተኛ ቀጥራለች» አለች።

ከዚያ በኋላ ቁፋሮ ተጀመረ። ተዳፋቱን ወደ ውስጥ አስቆፈረች፣ ጣሪያውን በእንጨትና በጭቃ ሸፈነች፣ የተጣለ የውሃ ቧንቧ ለምና ፍል ውሃውን በወለሉ ሥር አሳለፈችው። መደርደሪያው የለስላሳ ሳጥን ነበር፤ ውስጡ ጭድና አሮጌ ሹራብ። ቴርሞሜትር አልነበራትም። ዕንቁላሉን አንስታ የተጨፈነ ዓይኗ ቆብ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ቢያቃጥላት ከፍ ወዳለው ሳጥን ታወጣዋለች፣ ቢቀዘቅዛት ወደ ታች ታወርደዋለች። ጫጩቶቿ በካርቶን ተጭነው እስከ ብርዳማዋ ጎጆ ከተማ ድረስ ይጓዙ ነበር። በዚያ ኅዳር ከጎኑ ሁለተኛ ቤት ልታስቆፍር አስባ ነበር።

የዚያ ቤት ሽታ እስከ ዛሬ አለኝ፤ እርጥብ ጭድ፣ የሞቀ ድንጋይ፣ አዲስ የተሰበረ ቅርፊት። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ደጁ ላይ ሱዚ እንዘላለን፤ እጃችን ሲደነዝዝ ገብተን ወለሉ ላይ እንቀመጣለን። ታናሽ እህቴ ሶሬቲ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። እሷ አንዴ ከገባች አትወጣም፤ ጫጩቶቹን በየስማቸው ትጠራለች፣ ስማቸው ግን ሁሉም ሶሬቲ ነው።

ጫጩቶቹ የሞቱ ዕለት ጎረቤታችን ኦቦ ረጋሳ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«አካም ቡልቴ ጫልቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጡና ወደ ውስጥ አጮለቁ። አልገቡም። «ይህ መሬት ባለቤት አለው። አባቴ እዚህ ጥጃ እንኳ አያስተኛም ነበር።»

«ኦቦ ረጋሳ፣ እኛ ቤት የሚፈራው አንድ ጌታ ብቻ ነው።»

«ጌታን ፍሪ። ግን ጠርጥሪ። ከገንፎ ውስጥም ስንጥር አይጠፋም።»

«ስንጥሩማ ብርዱ ነው» አለች እናቴ።

የሞቱት የታችኞቹ ናቸው፤ ብርድ የሚገባው በበሩ ሥር ነው። ስለዚህ ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። በዚያው ጠዋት የበሩን ሥር በማዳበሪያ ጠቀጠቀችው፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በእበት መረገችው። ለሁላችንም ትክክል መሰለን። እኔም እበቱን አቀብያለሁ።

በቀጣዩ ሳምንት እናቴ ራሷን ታማ በሻሽ አስራ ትሠራ ጀመር። ጎንበስ ብላ የታችኛውን ሳጥን ካየች በኋላ ግድግዳ ይዛ ነው የምትነሳው። አንድ ጠዋት ኩራዙን ወለሉ ላይ ብታስቀምጠው ጠፋ። ውጭ ወስዳ ለኮሰችው፤ መለሰችው፤ እንደገና ጠፋ። ንፋስ አልነበረም። ሶሬቲ ያን ዕለት ጉንፋን ይዟት ታስላለች። እናቴ ወለሉ ላይ ሰሌን አነጠፈችላት፣ ነጠላ አለበሰቻት፣ በሩን ዘጋችና ኩራዙን ይዛ ሱቅ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

ባለሱቁ ሐጂ ሸምሱ ከደቡብ መጥተው እኛ ሰፈር የከረሙ ሰው ናቸው። እናቴ ኩራዙን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ሐጂ፣ ላምባው ውሃ ገብቶበታል።»

«አምቦ ተቀምጬ ውሃ ብሸጥልሽማ ከላምባው አስወድደው ነበር፣ አዴ ጫልቱ።»

«እርስዎ ይሳቁ። ሁለቴ ጠፋብኝ እኮ።»

ሐጂ ክብሪት ጫሩ። ኩራዙ በራ። ከባንኮኒው አውርደው ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ጠበቁ።

«እኔ ዘንድ ይበራል» አሉ። «አንቺ ዘንድ ምን አገኘው?»

እናቴ ነበልባሉን አየችው። ፊቷ ላይ ያለውን ያኔ አላወቅኩትም። «ሶሬቲ» አለች፣ በዝግታ፣ ልጅቷ አጠገቧ ያለች ይመስል። ከዚያ ሮጠች። አንድ እግር ጫማዋ መንገዱ ላይ ቀረ።

ስደርስ በሩ ተገንጥሎ ወድቋል። እናቴ ሶሬቲን ሣሩ ላይ አጋድማ ፊቷ ላይ ትተነፍስባታለች። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል። እጇ ውስጥ የሞተ ጫጩት ነበር። ኦቦ ረጋሳ ምርኩዛቸውን ጥለው እግሯን ያሻሉ። ጋሪ ተገኝቶ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ማስመለስ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠችና ውሃ ጠየቀች።

ቆይቼ ያጣራሁት ይህን ነው። ውሃችንን የሚያፍለቀልቀው አየር ከመሬት ሥር ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ከምንተነፍሰው አየር ስለሚከብድ ጎድጓዳ ቦታ ላይ እንደ ውሃ ይተኛል፤ እሳት ያጠፋል፣ ዝቅ ብሎ የሚተነፍስን ያፍናል። መውጫው የበሩ ሥር ብቻ ነበር፤ ጫጩቶቹ የሞቱ ሌሊት ከመውጫው በላይ ሳይበዛ አልቀረም። እኛ ብርዱን የከለከልን መስሎን እሱን ነው ያስቀረነው።

እናቴ በዚያው ቀን ጣሪያውን በገዛ እጇ አፈረሰች። በላይኛው ሳጥን ሊፈለፈሉ የደረሱ ዕንቁላሎች ነበሩ። በቅርፊቱ ውስጥ ሲጮኹ ይሰማል። አባቴ ቅዳሜ ሲመጣ የጫጩቶቹ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ዕንቁላል አላስፈለፈለችም፤ እስክትደክም ድረስ የላስቲክ ዕቃ ነገደች።

ዛሬ ጫጩት አምቦ የሚገባው በመኪና ነው፣ በየሰፈሩ የሚያዞረው ባጃጅ ነው። የዚያን ቤት ጩኸት ለምጄ ኖሬ ድንገት ዝም ሲል የተሰማኝን፣ ባጃጁ ባለፈ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ሶሬቲ አታስታውስም። እንደ ተረት ትሰማኛለች።

በ2005 ዓ.ም. ለሥራ አምቦ ሄጄ ተዳፋቱን ፈለግሁት። አንዲት ጎበዝ ወጣት ሴት ገዝታው፣ ወደ ውስጥ አስቆፍራ፣ ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች እየሠራች ነበር። በሩ ከመሬት ጋር ገጥሟል። ጫማዬን አስወልቃ ወለሉን አስረገጠችኝ።

«ራሱ ይሞቃል። ልጆቹ ብርድ ልብስ አያስፈልጋቸውም» አለች፣ ደስ ብሏት።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከግድግዳው ሥር ቀዳዳ እንድታስወጣ ለመንኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«ያኔ ጭቃ ነው እህቴ» አለች። «ይሄ ሲሚንቶ ነው። ግን እሺ፣ ለግንበኛው እነግረዋለሁ።»

ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ወጣሁ። ኅዳር ሲገባ ደውዬ ስለ ቀዳዳዎቹ ጠየቅኳት። ክፍሎቹ በሙሉ ተከራይተዋል አለችኝ።