በእንጨት እግር፣ ያለ ጫማ

የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ሕመሙ መተዉ ነው። ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ዝቅ ብሎ ባለው ደብራችን የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን ስናድስ ከመሰላል ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ወጌሻው ጎትቶ አቃናው፤ በሸንበቆ ደግፎ በጠፍር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። እንደ እሳት ያቃጥለኝ ጀመር። "ቻለው፤ ሲጠብቅ ነው የሚገጥም" አለኝ። በማግስቱ ሕመሙ ለቀቀኝ። ባለቤቴ ውድነሽ እልል አለች። እኔም ተመስገን አልኩ።

እግሬን ያስበላኝ ያ ደስታ ነው። ጣቶቼ ቀዝቅዘዋል። ሲነኩኝ አይሰማኝም። ውለው አድረው ጠቆሩ። ከዚያ ሸተቱ።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ስብራት በታሰረ ጊዜ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያውን ፍቱት። ወጌሻው ቢቆጣ ይቆጣ። ሕመም ሁሉ ስለዳነ አይተውም።

በቃሬዛ እስቴ መካነ ኢየሱስ አደረሱኝ፤ ከዚያ በእህል ጫኝ መኪና ደብረ ታቦር ገባሁ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ጥቂት፣ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ማሰሪያውን ቆርጠው አዩት።

"ጋንግሪን ነው" አሉ። "ደም አልደረሰም። ሞቷል። እግሩ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ አንተ ትሞታለህ።"

እንቢ አልኩ። ደብተራ ነኝ። መተዳደሪያዬም ክብሬም ማኅሌት መቆም ነው፤ ማኅሌት ደግሞ በእግር ነው የሚቆመው።

"ቆመህ ልትቀበር ነው ወይ?" ብላ ጮኸችብኝ ውድነሽ።

እሺ አልኩ። ከጉልበቴ በታች ተቆረጥኩ።

ስነቃ የሌለው አውራ ጣቴ አሳከከኝ። እጄን ሰደድኩ። አንሶላ ነው። አለቀስኩ። ቁስሌን የሚያጥበው ድሬሰር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ነርቭ ነው፤ እንዳንተ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰማው ነገር ነው" አለኝ። ደግ ሰው ነበር። እናንተም ቢያሳክካችሁ እብደት መስሏችሁ አትደብቁት።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሐኪሙ አዲስ አበባ፣ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ቤት ላኩኝ። እነሱ ፕሮስቴሲስ ይሉታል። ሠሪው አቶ ግርማ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው፤ የተረፈውን እግሬን በጀሶ ለክቶ፣ እንጨት ጠርቦ፣ እግሬ ለሚገባበት ማቀፊያ ቆዳ ሰፍቶ፣ ከታችም ባለ ተረከዝ ጥቁር ጫማ አጥልቆ አስረከበኝ። በሲሚንቶው ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ አስኬደኝና "ተስማማዎት?" አለኝ። በእኛ አገር የሰጠህን ሰው እንከን አውጥተህ አታሳፍረውም። "እግዜር ይስጥልኝ፤ ሸጋ ነው" ብዬ ወጣሁ። ደግሞም በሲሚንቶ ላይ ሸጋ ነበር።

አገሬ ገብቼ ደብራችን ደጅ ስደርስ ግን ጫማዬን ማውለቅ ነበረብኝ። ጫማ አድርጎ መቅደስ የሚገባ የለም። እግሩ የተስተካከለው በዚያ ተረከዝ ልክ ኖሯል፤ ጫማው ሲወልቅ አጠረ፣ ወደ ኋላም አዘነበለ። ጥቂት ተራምጄ በጀርባዬ ተዘረርኩ። መቋሚያዬን ወርውሬ፣ እዚያው ቅጽሩ ውስጥ፣ ለደብተራ የማይገባ ስድብ ተሳደብኩ።

ያን ክረምት ከደጅ ቆሜ አስቀደስኩ። ጓደኞቼ ከውስጥ ሲያሸበሽቡ ከበሮውን እሰማለሁ። የሚያጽናናኝ አልጠፋም፤ "እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው" ይሉኛል። ልቤንማ ማን ቆረጠው? እኔ ያጣሁት ቦታዬን ነው። ቅናት እንደ ምስጥ በላኝ።

ማቀፊያው ቆዳዬን ልጦት ደብረ ታቦር ተመለስኩ። ሐኪሙ ቁስሉን አጥበው ታሪኬን ሰሙ።

"ለሠራው ሰው ነገርከው?"

"እንዴት ተብሎ! በነፃ ሰጥቶኝ?"

"ካልነገርከው በምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ጫማ አድርጎ የሚውለውን ሰው ነው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ቁስሌ እንደሻረ አዲስ አበባ ወረድኩ። አቶ ግርማ ይቀየመኛል ብዬ መንገዱን ሁሉ ይቅርታ ስደረድር ነበር፤ እሱ ግን ወንበሩን ስቦ፣ "እስቲ እንዴት እንደሚቆሙ ያሳዩኝ፤ እኔ ከተማ ነው ያደግሁት፣ ማኅሌት ውስጥ ገብቼ አላውቅም" አለኝ። ግቢው አፈር ነው። ጫማውን አወለቅኩ፤ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ደገፉኝ፤ መቋሚያዬን ይዤ በለሆሳስ እያዜምኩ አሸበሸብኩለት። ጉልበት መቼ እንደሚታጠፍ፣ ክብደት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማየት አቶ ግርማ መሬት ላይ በደረቱ ተኛ። እግር ሊያሠሩ የመጡት ሁሉ ከበቡን፤ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ወታደር፣ "ይህ ሰው እግር ሊወስድ ነው ወይስ ሊያስተምር የመጣው?" ብሎ አሳቀን።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ተረከዝ የማይፈልግ፣ መሬት ላይ ልጥፍ የሚል እግር ጠረበ። እኔ ደግሞ ጣት ይውጣለት አልኩ። "ይሰበራል" ቢለኝ፣ ባዶ እግር የሚታይ እግር ጣት ከሌለው ያሳፍረኛል ብዬ ድርቅ አልኩ። ወጣለት። ገና በመጀመሪያው እርምጃ ትንሿ ጣት ቀጭ ብላ ወደቀች። አቶ ግርማ አንሥቶ እያሳየኝ፣ "ሁለተኛ ተቆረጡ እንግዲህ!" ሲለኝ ከተቆረጥኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጣቱ ቀረ። ባዶው እንጨትም እርጥብ ሣር ላይ አንሸራተተኝ፤ ስለዚህ ከመኪና ጎማ በእግሩ ቅርፅ ቆርጦ ከሥሩ አጣበቀበት። ለመንገድ በሁለቱም እግሬ በረባሶ አደርጋለሁ፤ ቁመቱ እኩል ስለሆነ ባደርገውም ባወልቀውም አያንገዳግደኝም። ወታደሩም የእሱን እግር እርከን እያስወጡት እንዲሞክሩለት ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ አቶ ግርማ ማንንም ከመለካቱ በፊት "ምን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?" ብሎ እንደሚጠይቅ ሰማሁ።

በደብራችን ንግሥ ዕለት ደጁ ላይ በረባሶዬን ሳወልቅ አለቃችን መጡ። ሽማግሌና ቁጡ ናቸው።

"ይኸ ከሥሩ ያለው ጎማ ጫማ አይደለም ወይ?"

"አይወልቅም፣ አባ። ውስጥ እግሬ ነው።"

እንቢ ካሉ ሌላ የማሠራው እግር የለም። ጎንበስ ብለው ከሥር በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀና ለማለት ትከሻዬን ያዙ።

"ውስጥ እግርህ ከሆነ ደጅ ምን ታስቆመዋለህ? ግባ!"

ገባሁ። ዜማው ሲነሣ ጉልበቴን አጠፍኩ፤ እግሩም ሳይከዳኝ ያዘኝ። ሐኪሙን፣ ድሬሰሩን፣ ውድነሽን፣ አቶ ግርማን በልቤ እየጠራሁ አመሰገንኩ። እንደኔ የሆናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እግር ሲሠራላችሁ በሠሪው ወለል ላይ ብቻ ተራምዳችሁ አትውጡ፤ የናፈቃችሁትን ነገር ከፊቱ አድርጉለት፣ ቢስቅባችሁም ይሳቅ። እኔ በዚያ አፈር ግቢ ውስጥ ባላሸበሽብለት ኖሮ፣ ዛሬም ከደጅ ነበርኩ።