ጸጥ የሚያሰኘው መድኃኒት

በዚያ ዓመት አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልችልም ነበር። የሚጥል በሽታዬ በምወስደው መድኃኒት ከቆመ ቆይቷል፤ ሃነቪኢም ጎዳና አጠገብ በአንድ የሕፃናት መዋያ ሥራ ይዣለሁ። ልቤ ግን አላረፈም። ከበር መቃን ጋር እጋጫለሁ። ልጆቹ በጎኔ ሲመጡ አላያቸውም፤ ድንገት እግሬ ሥር አገኛቸዋለሁ። ድካም ነው እያልኩ አለፍኩት።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ኢትዮጵያ በሚባለው መንገድ ስቸኩል፣ በኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ከአንዲት መነኩሲት ጋር ተላተምኩ። የያዙት ሽንኩርት መሬት ላይ ተበተነ። እየለቀምኩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ እስክታልፊ ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነበር» አሉኝ።

ያላየሁት የቆመ ሰው ነው።

ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኔ ክሊኒክ፣ ሄጄ ወደ ዓይን ሐኪም ላኩኝ። ሐኪሟ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን በመሰለ መሣሪያ ፊት አስቀመጠችኝ። ዓይኔን ከመሐሉ ሳልነቅል፣ ዳር ዳሩን ብልጭ የሚል ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነበረብኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ብዙ ጠበቅሁ። መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝ።

አልተበላሸም፤ ዳር ዳሩ ሲበራ የማላየው እኔ ነበርኩ። በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን በነርቭ ሕዋሳት የተሞላ ነው አለችኝ፤ አንዱ ያየውን ለሌላው ያቀብላል። ሁሉም እኩል ቢጮኹ ግን የነገሩ ጠርዝ አይለይም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር እየለቀቁ ጎረቤታቸውን ዝም ያሰኛሉ። የእኔ መድኃኒት ጋባው እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ አንጎሌ የተረጋጋው በዚህ ነው። ዓይኔ ውስጥ ግን ከልክ በላይ ተጠራቀመ። ጉዳቱ በትክክል በምን መንገድ እንደመጣ ገና አይታወቅም፤ የጠፋው ግን አይመለስም፤ መድኃኒቱን ከቀጠልኩ ደግሞ እይታዬ ይበልጥ ሊጠብ ይችላል።

ቃታሞኒም ሰፈር እናቴ ቤት ገብቼ በዕብራይስጥ የሰማሁትን ይህን ሁሉ በአማርኛ ለማስረዳት ስሞክር ቃላት አጠሩኝ። እናቴ ጋባን ጋቢ ብላ ሰማችው። ጋቢ ዓይን ውስጥ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ነገሩ ሲገባት ግን መድኃኒቱን አትተዪ አለች። ጎንደር ሳለን በሽታው ሲጥለኝ ስንት ጊዜ ከእሳት ዳር እንደጎተተችኝ አልረሳችም።

«ብትወድቂስ? እኔ ሁልጊዜ አጠገብሽ አልኖር» አለች።

«እማዬ፣ ወድቄ መነሣት እችላለሁ» አልኳት። «ከታወርኩ ግን ታውሬ መቅረቴ ነው።»

የነርቭ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ሌላ ተካልኝ። እነዚያን ሳምንታት ከክፍል ክፍል እየተመላለስኩ መውደቄን ስጠብቅ አሳለፍኩ። ወደቅሁም፤ የመዋያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ። ከዚያ በኋላ አዲሱ መድኃኒት እየዋለ እያደረ በሽታውን ያዘልኝ። ዳግም ስመረመር እይታዬ ከነበረበት አልጠበበም፤ አልሰፋምም።

ከልጆች ጋር መሥራቱን ተውኩት። አሁን ልብስ እሰፋለሁ፤ ጨርቁም መርፌውም ከፊት ለፊቴ ነው። መንገድ ስሻገር አንገቴን እስከ ትከሻዬ አዞራለሁ። እግሬ ግን ከስፌት መኪናው ሥር ዛሬም አያርፍም፤ ፔዳሉን ባልረግጥም ይንቀጠቀጣል።